መጥፎ ወሬ ቶሎ የሚደርሰው ኃላፊ

በጤና ተቋሞቻችን የክፍል ኃላፊነት ባብዛኛው የሚሰጠው በሙያው ለተመሰገነ ሰው ነው። ጎበዝ ነርስ ሜትሮን ትሆናለች፤ ጎበዝ ሐኪም ሜዲካል ዳይሬክተር ይሾማል። ስለ ሠራተኛ አመራር የተማሩት ጥቂት በመሆኑ፣ የተረኛ ፕሮግራም ማውጣቱን፣ ቃለ ጉባኤ መፈረሙንና ሪፖርት መላኩን እንደ ዋና ሥራቸው ይይዙታል። እነዚህ አስፈላጊነታቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ከሹመቱ ቀን አንስቶ ኃላፊው ራሱ የማያስተውለው ለውጥ ይከሰታል፤ ትናንት በሻይ ሰዓት አብረውት ያማርሩ የነበሩ ባልደረቦቹ ዛሬ እሱ ሲገባ ጨዋታቸውን ይለውጣሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የሕፃናት ዋርድ የኦክስጅን ሲሊንደሩ መለኪያ ተበላሽቷል እንበል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ይህንን ታውቃለች። ከሁለት ወር በፊት ለኃላፊው ስትነግር «ባለው አብቃቅታችሁ ሥሩ» የሚል መልስ ስላገኘች፣ አሁን ሲሊንደሩን መታ መታ እያደረገች የቀረውን በግምት ታሰላለች። በጠዋቱ ርክክብ ላይም «ሌሊቱ ሰላም ነበር» ትላለች። አንድ ሌሊት በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ኦክስጅን ላይ ሳለ ሲሊንደሩ ያልቃል። በማግስቱ ኃላፊው «ለምን አልተነገረኝም?» ብሎ ይቆጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተጠየቀችው ግን ትክክለኛዋ ሰው አይደለችም።

በዚህ ረገድ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ በሁለት ሆስፒታሎች የሚገኙ 8 ክፍሎችን ሲያጠኑ፣ መልካም አመራርና መግባባት ባለበት ክፍል የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት አነስተኛ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። መረጃው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ የተሻለ አመራር ባላቸው ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት በዛ። ነገሩ ሲመረመር ልዩነቱ በመሳሳቱ ላይ ሳይሆን በመናገሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ድምዳሜ አደረሰ። ኃላፊዋ በማትፈራበት ክፍል ነርሶቹ ስሕተታቸውን በግልጽ ይነጋገሩበታል፤ በምትፈራበት ክፍል ይሸሽጉታል። ስለሆነም በወርሃዊ ሪፖርት ላይ «ስሕተት፦ 0» የሚል ቁጥር ያየ ኃላፊ ከመደሰቱ በፊት ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል።

በእኔ አስተያየት በአገራችን ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው ብዙ ሠራተኛ ስሕተትን በይፋ መናገር የለመደው በግምገማ መድረክ፣ በሂስና ግለሂስ መሆኑ ነው። እዚያ የተነገረ ነገር የሚታወሰው ለእርማት ሳይሆን ለደረጃ ዕድገትና ለዝውውር ውሳኔ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ኃላፊው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት አጠያየቁን ይለውጥ። «ችግር አለ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ «የለም» ነው። «ትናንት ሌሊት ፈልጋችሁ ያጣችሁት ዕቃ የትኛው ነው?» ቢል ግን ሲሊንደሩ በመጀመሪያው ጠዋት ይነሳል። ወሬው ሲደርሰውም «ማን ነው ያበላሸው?» ከማለቱ በፊት «እስከ አሁን እንዴት ስትሠሩ ቆያችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ክፍሉ በሙሉ የሚመለከተው ይህንን የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ አንድ ቁጣ የብዙ ወራት ዝምታ ያተርፋል። ከዚያም መልስ ይዞ ይመለስ። መለኪያው በበጀት እጥረት የማይገዛ ከሆነ እንኳ «ጠይቄያለሁ፣ አልተፈቀደም፣ ስለዚህ እስከዚያው በየሌሊቱ ተጠባባቂ ሲሊንደር አጠገባችሁ ይቀመጥ» ማለት ይችላል። የተናገረችው ነርስ ንግግሯ የት እንደደረሰ ካላወቀች ሁለተኛ አትናገርም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ይህንኑ ጉዳይ በሥራው ሥርዓት ውስጥ አስገብቶታል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ስሙን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ኋላ የጎደለ ነገር ሲያይ ለመናገር ይቀለዋል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ቅጹ በ8 ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ብሏል። ለዚህ ምክንያቱ መተዋወቁ ብቻ ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጥፋት አይጠየቅም ማለት አይደለም። መድኃኒት የሰረቀ፣ ያልለካውን የደም ግፊት ለክቼአለሁ ብሎ የመዘገበ ወይም ጠጥቶ ተረኛ የገባ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ደንብ ይታያል። ሁለቱን አለመለየት ለደካማው መሸሸጊያ፣ ለቅኑ ሠራተኛ ደግሞ ሥጋት ይሆናል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህ አሠራር በተጀመረባቸው ወራት የሚመዘገበው ስሕተት መጨመሩ አይቀርም፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ የበላይ አካልም ክፍሉ እየተበላሸ ነው ሊል ይችላል። ኃላፊው ይህንን ሪፖርቱ ከመድረሱ በፊት ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ቢያሳውቅ፣ ከቁጥሩም ጎን የተወሰደውን እርምጃ ቢያሰፍር፣ የተናገሩትን ሠራተኞች ከወቀሳ ያድናቸዋል።