ፉርሽካ ለእርጉዝ አሳማ፦ ሆድ መሙያ ወይስ ወጪ ቆጣቢ?

ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ስንዴ በአዳማ የዱቄት ፋብሪካዎች ሲፈጭ ሁለት ገበያ ይፈጥራል፤ አንዱ የዱቄት፣ ሌላው የፉርሽካ። የመርቲ ወረዳ ከተማ የሆነችው አቦምሳ ደጋውና የአዋሽ ቆላ በሚገናኙበት አካባቢ ስለምትገኝ፣ ነጋዴዋ የስንዴውንም የበቆሎውንም ዋጋ ይከታተላል። ፉርሽካን በብዛት የሚገዙት የወተት ላም ያላቸውና ከብት የሚያደልቡ ናቸው። አሳማ አርቢው ግን ከሁለቱም ለየት ያለ ስሌት አለው።

እናት አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ያህል፣ በሌላ አነጋገር ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። በዚህ ጊዜ እስክትጠግብ እህል ብትበላ ትወፍራለች፤ የወፈረች እናት ደግሞ ምጥ ይጠናባታል፣ ከወለደች በኋላም የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል። ስለዚህ አርቢዎች ምግቧን በቀን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም አካባቢ ይወስኑታል። ይህ ለሰውነቷ ቢበቃም ሆዷን አይሞላም፤ የተራበች አሳማ ብረት ታኝካለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትጣላለች።

አሰር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አሰር በትልቁ አንጀት ውስጥ በደቂቅ ሕዋሳት ቀስ እያለ ሲብላላ ኃይል ይሰጣል፣ ጥጋቡም ይቆያል። በዚህ ረገድ የብርቱካን ጭማቂ ተረፈ ምርት ከፉርሽካ ይሻላል። የፉርሽካ ዋና ጥቅም ሆድ መሙላትና ድርቀትን መከላከል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ ለእርጉዝ አሳማዎች አሰር የበዛበት ምግብ በበቂ መጠን እንዲቀርብ ግዴታ አድርጓል። አሰር የግልገሎችን ቁጥር ይጨምራል በሚለው ላይ ግን የጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በቀን 2.5 ኪሎ የምትበላ እናት በአንድ እርግዝና 285 ኪሎ ትፈጃለች። ሃያ እናቶች ላሉት አርቢ ይህ 57 ኩንታል ነው፤ ሲሶው ፉርሽካ ቢሆን 19 ኩንታል ይሆናል። አንድ ኩንታል ፉርሽካ ለአሳማ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ኩንታል በቆሎ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ነው። ለምሳሌ በቆሎ 3,000 ብር ቢሸጥ፣ በኃይል ብቻ ሲመዘን ፉርሽካ የሚያዋጣው እስከ 2,000 ብር ነው። ፉርሽካ ከበቆሎ የላቀ ፕሮቲን ስላለው ለፋጉሎ የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ከዚህ ጥቂት ቢጨምርም ሊገዛ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ገዢው የሚከፍለው ለአሰሩ ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስሌቱ የሚሠራው ለእርግዝና ወቅት ነው። የምታጠባ እናት ከፍተኛ ኃይል ስለምትፈልግ ፉርሽካ ቢበዛባት ወተቷ ያንሳል፣ ሰውነቷም ይጎዳል። ለመውለድ ስትቃረብ ግን ድርቀት ምጧን ሊያራዝም ስለሚችል ፉርሽካው ጨርሶ መቋረጥ የለበትም።

ሻጭም ገዢም የከረጢቱን ውስጥ ማየት አለባቸው። እርጥበት የነካውና የሻገተ ፉርሽካ ወይም በቆሎ በርካሽ ቢገኝም አያዋጣም። በእህል ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት ዜራሌኖን የተባለ መርዝ የእናት አሳማን እርባታ ያዛባል።

ወደ ዘርፉ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ከመኖው በፊት ገዢውን መቁጠር ይኖርበታል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአሳማ ሥጋ አይበላም። ገበያው በዋናነት የውጭ ዜጎችና እነሱን የሚያስተናግዱ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ገዢው ጥቂት በሆነበት ገበያ የሥጋውን ዋጋ እንደልብ መጨመር ስለማይቻል፣ ትርፉ የሚገኘው በአመዛኙ ከመኖ ወጪ ላይ በሚቆጠበው ነው።