ውጤቱ ከየትኛው ትምህርት ቤት ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን የምክር አገልግሎት ክፍሌ ከተማሪ ይልቅ ወላጅ ይበዛበታል። ከሳጉሬ፣ ከቦቆጂ፣ ከኢተያ የመጡ አባቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ልጁ ውጤቱን ስልኩ ላይ አይቶ ጨርሷል፤ አባት ግን ከመምህር አፍ ካልሰማ አያምንም።

አንድ አባት ልጃቸው 48 ፐርሰንት አምጥታ፣ "እንደው መምህር፣ የጎደለችዋን ከፍሎ ማሟላት አይቻልም?" አሉኝ። ጉቦ ማለታቸው አልነበረም። ልጅቷ አሰላ ቤት ተከራይታ ስትማር ኪራዩን እየከፈሉ፣ ጩኮና ቆሎ ስንቅ እየላኩ ቆይተዋል፤ ለሁለት ፐርሰንት ደግሞ ጥቂት ኩንታል ገብስ ቢሸጡ ምን ይላቸዋል? ሪሜዲያል የሚባል መንገድ እንዳለ አስረዳኋቸው። ተምራ፣ ዳግም ተፈትና ካለፈች አንደኛ ዓመት ትገባለች።

ስኮላርሺፕ ሲባል እዚህ ሰው ቶሎ የሚታየው ቻይና ወይም ቱርክ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የአገራችን ትልቁ ስኮላርሺፕ ይቺው ዩኒቨርሲቲ የምታስገባ 50 ፐርሰንት ናት። እሷን ያለፈ መኝታ፣ ምግብና ትምህርት ያገኛል። እርግጥ ዱቤ ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶ፣ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ውሉን አንብቦ የሚፈርም ብዙ አላየሁም።

ፈተናውን አልጠላውም። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ የኩረጃው ሰንሰለት ተበጠሰ። 50ን የተሻገሩት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ እኛ መምህራን አንገታችንን ደፋን፤ እውነቱን ማወቃችን ግን ጥሩ ነበር። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። የሚከነክነኝ ሌላ ቁጥር ነው፦ በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያስፈተኑትን በሙሉ ያሳለፉ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። መስፈሪያው ለሁሉም ያው 50 ነው።

ያቺ ባለ 48 እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው በኦሮምኛ ነው። 9ኛ ስትገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነባት። እስከ 10ኛ የተማረችበት የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። ቲትሬሽን የሚባለውን የኬሚስትሪ ሙከራ የምታውቀው በሥዕል ብቻ ነው፤ ፈተናው ላይ ግን ቢዩሬት በእጁ ከያዘ ልጅ ጋር እኩል ተጠየቀች። በእኔ ግምት የእሷ 48 ከአንዳንድ 55 ይበልጣል። ይህን የምለው አዝኜላት አይደለም፤ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ስለማውቅ ነው።

ልጅ በነጥቡ ብቻ ይለካ ወይስ ከተነሳበት ጋር የሚለው ጭቅጭቅ አሜሪካም አለ። ፍሎሪዳ "ብራይት ፊውቸርስ" ለተባለው ስኮላርሺፕ ኤስኤቲ የተባለውን ፈተና ነጥብ አንዱ መስፈርት ታደርጋለች። ቴክሳስ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ከየትምህርት ቤቱ በክፍል ውጤት ከላይ ያሉት 10 በመቶ በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ እንዲያገኙ አደረገች፤ ልጁ የሚለካው አብረውት ከተማሩት ጋር ነው።

ይህን ሳነሳ ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ይቆጣል፦ "የክፍል ውጤት ይታመናል እንዴ? ነገ ሁሉም 98 ይሆናል!" እውነቱን ነው። ስለዚህ ደረጃው የሚወጣው በዚያው በብሔራዊ ፈተና ይሁን። ከየትምህርት ቤቱ ቀዳሚ የሆኑት 50 ባይሞሉም የሪሜዲያል ቦታ ሲደለደል ቅድሚያ ያግኙ። ሌላው ቢቀር ከልጁ ነጥብ ጎን የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ይጻፍ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት መረጃው በእጁ ነው፤ ቢበዛ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው።