ዓይን የሚወጋ የብስክሌት መብራት፦ ተረትና እውነታ

ማታ ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች «መብራቴ በበረታ ቁጥር ሾፌሩ ይበልጥ ያየኛል» ይላሉ። አባባሉ የሚያሳስተው ግማሽ እውነት ስላለው ነው፤ በጨለማ ያለ መብራት መንዳት አደገኛ መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው፣ መብራቱ ከበቃ በኋላ የሚጨመረው ኃይል ምን ይሠራል የሚለው ነው። ኃይለኛ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ እዚያው ይበተንና በሚታየው ሁሉ ላይ እንደ ጉም ይጋርዳል። ከፊት የሚመጣው ሰው መብራቱን ያያል እንጂ ብስክሌቱ ምን ያህል እንደቀረበና በየት በኩል እንደሚያልፍ መገመት ያቅተዋል፤ ከመብራቱ አጠገብ የሚሻገረውን እግረኛ ጭራሽ ላያየው ይችላል። በዕድሜ በገፋ ዓይን ላይ ደግሞ ይብሳል። ብስክሌቱ ካለፈም በኋላ ችግሩ ወዲያው አይለቅም፤ ዓይን ጨለማን መልሶ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋልና።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሉመን ቁጥርም ብዙ ገዢ ያታልላል። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ብርሃን በጠቅላላው ይለካል፤ ምን ያህሉ አስፋልቱ ላይ፣ ምን ያህሉ የሰው ፊት ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። የጀርመን ሕግ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የፊት መብራት መንገዱን በበቂ እንዲያበራ ያስገድድና ወደ ላይ የሚያፈስሰውን ብርሃን ይገድባል። ልዩነቱን ለማየት ግድግዳ ይበቃል። ተራው የባትሪ ዓይነት መብራት ግድግዳው ላይ ክብ ይሠራል፤ ለመንገድ የተሠራው ግን ላዩ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያልቃል፣ ብርሃኑም ከዚያ በታች ነው።

ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት «ይበልጥ ይታያል» መባሉስ? ትኩረት መሳቡ እውነት ነው፤ እንግሊዝም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዳዋለች፣ ጀርመን ግን ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 24 ሾፌሮች በተዘጋ መንገድ ላይ ሌሊት እየነዱ ብስክሌተኛ መሆኑን የለዩበት ቅጽበት ተመዘገበ። ብስክሌተኛው መሪው ላይ ያሰረው መብራት፣ የረጋም ሆነ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ለመለየት አልረዳም። የረዳው ከአንፀባራቂ ሰደርያ ጋር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ አንፀባራቂ ነበር፤ ከሩቅ የሚታወቀው የሚረግጥ እግር እንቅስቃሴ ነውና። ሙከራው ትንሽ ስለሆነ መብራት ይቅር አያሰኝም። ግን ብሩህ መብራት ብቻውን የሚሰጠው እርግጠኝነት ባዶ እንደሆነ ያሳያል።

«ጉድጓዱን እንዴት ላየው?» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል። የመንገድ መብራት በሌለበት ጠንካራ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱ ያለው ግን መሬት ላይ ነው፣ ብርሃኑም ወደዚያው ይውረድ። «መኪኖቹስ ረጅም መብራት እያበሩ አይደል የሚያጭበረብሩን?» የሚለውም ቅሬታ እውነት ነው፤ ሆኖም የታወረ ሾፌር ይበልጥ የሚያሰጋው ያለ ብረት ከለላ የተቀመጠውን ብስክሌተኛ ነው። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ከእግረኛ መንገድ ጎን ስለሚሄዱ፣ እዚያ ቀድሞ የሚወጋው የእግረኛ ዓይን ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት መብራቱን ዝቅ አድርገው ይሰሩት፤ ብቻዎን ሲሆኑ በሙሉ ኃይሉ ይጠቀሙበት፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይቀንሱት።