ትንቢቱ ተፈጸመ፤ ስለዚህ ምን?

ፉሪ ወይም ሌላ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ውስጥ የሚያገለግል መጋቢ ቢሮው ድረስ ሊመጣበት የሚችል ጉዳይ አለ። «ፓስተር፣ ነቢዩ ስሜን ጠራ፤ ስልክ ቁጥሬን ተናገረ፤ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነገረኝ። አንዱንም አልሳተም። ስለዚህ ከእግዚአብሔር ነው። አሁን ደግሞ ከባልሽ ተለዪ ብሎኛል።» ለዚህች እኅት «የተቀባውን አትንኪ» ማለትም ሆነ «እሱማ ሐሰተኛ ነው» ብሎ መሸኘት መልስ አይሆንም። ሁለቱም «ስለዚህ» የምትለውን ቃል ሳይመረምሩ ያልፋሉ፤ ትዳሩ የተንጠለጠለው ግን በእርሷ ላይ ነው።

ሙግቱን እንዘርጋው። መነሻ አንድ፦ እግዚአብሔር የላከው ነቢይ የተናገረው ይሆናል። መነሻ ሁለት፦ ይህ ሰው የተናገረው ሆኗል። መደምደሚያ፦ እንግዲያው እግዚአብሔር ልኮታል። ለጆሮ ይጥማል። ያንኑ ቅርጽ በሌላ ነገር ስንሞላው ግን ቀዳዳው ይታያል። ከድሬዳዋ በባቡር አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ይወርዳል፤ ይህ ሰው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ወረደ፤ ስለዚህ ከድሬዳዋ መጣ። ከአዳማ ተሳፍሮ ቢሆንስ? ሁለቱ መነሻዎች እውነት ሆነው ሳለ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ከቻለ ሙግቱ አይጸናም። በተገላቢጦሽ ግን ይጸናል፦ ጣቢያው ላይ ካልወረደ ከድሬዳዋ በባቡር አልገባም።

ኦሪት ዘዳግም ይህንን ልዩነት ጠብቆ መናገሩ ያስደንቃል። ምዕራፍ 18፥22 የሚጸናውን አቅጣጫ ይሰጠናል፦ ነቢዩ በጌታ ስም የተናገረው ካልሆነ ጌታ አልተናገረውም። ምዕራፍ 13፥1–3 ደግሞ የማይጸናውን ይዘጋል፦ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ሰውየው ወደ ሌሎች አማልክት የሚጠራ ከሆነ አትስሙት። ስለዚህ መፈጸም ብቻውን መላክን አያረጋግጥም። በፊልጵስዩስ የነበረችው ገረድ ስለ ጳውሎስና ስለ ሲላስ የተናገረችው እውነት ነበር፤ መንፈሱ ግን የምዋርት መንፈስ ነበር (ሐዋ. 16፥16–18)። ስልክ ቁጥር ለማወቅማ ያን ያህል እንኳ አያስፈልግም፤ በመግቢያው በር ላይ የሚሞላ አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት ይበቃል።

እዚህ ላይ እኛም አገልጋዮች እንጠንቀቅ። ሙግቱ ስላልጸና መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሰውየው በእርግጥም ከድሬዳዋ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ነቢዩም እንደዚሁ። ያወቅነው ነገር ቢኖር የቀረበው ማስረጃ እንደማይበቃ ነው። የሚጸናውን አቅጣጫ ስንጠቀምም የዮናስን ታሪክ መርሳት የለብንም። ነነዌ አልጠፋችም፤ ነቢዩ ግን የተላከ ነበር። ኤርምያስ 18፥7–8 ምክንያቱን ይነግረናል፦ የጥፋት ቃል ለንስሐ ቦታ ይተዋል። ይህን በር ግን ላልተፈጸመ ትንቢት ሁሉ ማምለጫ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። «እምነት ስለጎደለሽ ነው» የሚለው ሰበብ ትንቢቱ ሲነገር ያልነበረ፣ ከከሸፈ በኋላ የተጨመረ መነሻ ነው።

ነቢዩ በእውነት የተላከ ነው ብንል እንኳ «ከባልሽ ተለዪ» የሚለው ገና አልጸደቀም። በመካከል ሌላ ያልተነገረ መነሻ አለ፦ የተላከ ሰው የሚናገረው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው የሚል። 1ኛ ነገሥት 13 ይህን ያፈርሰዋል። የቤቴሉ ሽማግሌ ነቢይ ለእግዚአብሔር ሰው ዋሸው፤ በዚያው ማዕድ ላይ ግን እውነተኛ የጌታ ቃል መጣለት። ናታንም ለዳዊት በቅንነት «አድርግ» ካለው በኋላ በዚያች ሌሊት ታርሟል (2ኛ ሳሙ. 7)።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቅርጹ ይጸናል፤ የሚበላሸው መነሻው ነው። «ወይ ነቢዩን ተቀበል፣ ወይ መንፈስ ቅዱስን ካድ፤ መንፈስ ቅዱስን እንደማትክድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነቢዩን ተቀበል።» አማራጩ እነዚህ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መውጫ አይኖርም ነበር። ሦስተኛው መንገድ፣ መንፈስ ቅዱስን አምኖ ትንቢትን መመርመር (1ኛ ተሰ. 5፥19–21)፣ ከመጀመሪያው ተሰርዟል።

እንዲህ ያለውን «ወይ… ወይ» መነሻው ላይ የመመርመር ጥሩ ምሳሌ በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰብዓዊ ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የምዕራብ ለጋሾች ለልማት በቀላሉ ሲሰጡ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው «ከልማት ይልቅ ስብከት ይቅደም» ብሎ አልተሟገተም፤ እንዲያ ቢል ኖሮ የለጋሾቹን ክፍፍል ተቀብሎ ወገን መምረጥ ብቻ ይሆን ነበር። የጠየቀው ክፍፍሉን ራሱን ነው፦ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት በጀት የሚከፈል አይደለምና። ጉዳዩ በ1974 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ለተካሄደው የፌዴሬሽኑ ምክክር ምክንያት ሆኗል።