ያውቁ ኖሯል? ጭድ የተሞላው የአክሱም አውራሪስ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውራሪስን በዓይናቸው አይተው ስለ ቀንዱና ስለ ቆዳው ጽፈው ካቆዩልን የጥንት ሰዎች አንዱ ያየው እኛው አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ ድረስ መጥቶ ነበር። በሕይወት ያለውን አውራሪስ ያየው ከሩቅ ነው። የሞተውን ግን ቆዳው ተገፍፎ፣ ጭድ ተጠቅጥቆበት፣ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆሞ አገኘው። በትክክል ልሥለው የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው ይላል። የእንስሳ ቆዳ ሞልቶ ለእይታ ማቆም በአውሮፓ ሙዚየሞች ከመለመዱ ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ይህ ታሪክ በትምህርት ቤቶቻችን አለመነገሩ ያስቆጫል።

ኮስማስ ቆዳው ሲደርቅ 4 ጣት እንደሚወፍር፣ አንዳንዶችም በብረት ፈንታ ለማረሻ እንደሚያውሉት ጽፏል። ውፍረቱን አጋኖታል። ቀንዱ እንስሳው ሲራመድ ይወዛወዛል፣ ሲቆጣ ይደርቃል ማለቱም ስሕተት ነው። በእርግጥ የአውራሪስ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ከአጥንት ላይ የተሰካ አይደለም። ከቆዳ የሚበቅል፣ ውስጡ አጥንት የሌለው፣ እንደ ጥፍራችንና እንደ ጠጉራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ቢወልቅም መልሶ ይበቅላል።

የአውራሪስ ቀንድ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ከዝሆን ጥርስ ጋር ከአዱሊስ ወደብ ይላክ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል?

ክላራ የምትባል የሕንድ አውራሪስ በ1741 ሮተርዳም ደርሳ፣ እስክትሞት 17 ዓመት ያህል አውሮፓን ዞራለች። በ1750 ሮም ላይ ቀንዷ ወለቀ። ከዚያ በፊት ፓሪስ ሳለች ኡድሪ የተባለው ሠዓሊ በቁመቷ ልክ ሥሏት ነበር፤ ታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎንም የመጽሐፉን የአውራሪስ ሥዕል ያሠራው ይህንኑ መሠረት አድርጎ ነው።

ክላራን እዚህ ያነሳኋት ወደ ጎንደር ስለምታደርሰን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ በምዕራቡ ቆላ ከጎንደር ወይዛዝርት አንዷ ከሆኑት ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከኮንፉ ጋር አደን ዋለ። እዚያም ባለሁለት ቀንዱን አውራሪስ አየ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አንድ ሥዕል አወጣና፣ ባለሁለት ቀንድ አውራሪስ ለሕዝብ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው አለ። ሥዕሉን ልብ ብለው ያዩ ሰዎች ግን ቆዳው እንደ ጥሩር የተደራረበ ሆኖ አገኙት። እንዲህ ያለ እጥፋት ያለው የሕንዱ ነው፤ የእኛው አውራሪስ ቆዳ እጥፋት የለውም። የብሩስ ሥዕል የቡፎን ግልባጭ ሆኖ፣ ሁለተኛ ቀንድ ብቻ ተጨምሮበት ነበር። የጎንደር ቆላ አውራሪስ ተብላ ለዓለም የቀረበችው ክላራ ናት ማለት ነው! ብሩስ በጽሑፉ ብዙ ጠቃሚ ነገር አቆይቶልናል፤ እንስሳውን ፊት ለፊት አይቶ የሌላ አገር ሥዕል ማቅረቡ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። 1,200 ዓመት ያህል የቀደመው ኮስማስ ከእሱ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር።

እንስሳትን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 ባለሁለት ቀንዱን አውራሪስ ሲመዘግብ አገሩን ሕንድ ማለቱንስ ያውቁ ኖሯል? የአፍሪካው ከእስያዎቹ የተለየ መሆኑን በማያሻማ መንገድ ያሳየው ጥርስ ነው። ሆላንዳዊው ፔትሩስ ካምፐር ከደቡብ አፍሪካ የተላከለትን የአውራሪስ ራስ በ1770ዎቹ ቀድዶ ሲመረምር፣ የፊት ጥርስ አጣበት። የሕንዱ ግን የፊት ጥርስ አለው። በ1775 ስፓርማን የተባለ የሊኔዎስ ተማሪ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ሁለት አውራሪሶች ቀድዶ አየ፤ የእነሱም እንዲሁ ነበር። ጥቁሩ አውራሪስ የሚባለው ይኸው የአፍሪካው ባለሁለት ቀንድ ቅጠሉን የሚለቅመው በፊት ጥርስ ሳይሆን እንደ ጣት በሚታጠፈው የላይ ከንፈሩ ነው፤ የሚፈጨው በመንጋጋው።

የአውራሪስ አካል የገለጠው የጥርስን ነገር ብቻ አይደለም። በ1849 ለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ የሞተውን የሕንድ አውራሪስ እንግሊዛዊው የእንስሳት አካል ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ሲቀድድ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጎን ተጣብቃ የተቀመጠች ትንሽ ቢጫ ነገር አየ። ዛሬ ፓራታይሮይድ የምንላት፣ በእኔና በእርስዎ አንገት ውስጥ ሆና የደማችንን ካልሲየም የምትቆጣጠረው ዕጢ ለሳይንስ የታወቀችው በዚህ ነው። በሰው ላይ የተገኘችው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1880 ነው።

ወደ አገራችን እንመለስና፣ ከጎንደር ምዕራብ በምትገኘው ጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባለሁለት ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ቅሪት ተገኝቷል። አርሲኖይቴሪየም ይባላል፤ በ2004 ይፋ የሆነው የጭልጋው ዝርያ ጊጋንቲየም ተሰይሟል። ሲያዩት አውራሪስ ይመስላል፤ ቀንዶቹ ግን ጎን ለጎን የቆሙ አጥንቶች ናቸው፤ ዝምድናውም ወደ ዝሆን ያደላል። አውራሪሶች ያን ጊዜ ገና ከእስያና ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ አልተሻገሩም ነበር። በሉሲ ዘመን ግን ሐዳር ላይ ነበሩ። ቅሪተ አካሎቻችን የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሙዚየም አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ነው።

የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካው ጥቁር አውራሪስ ሳይንሳዊ ስም ብሩሲአይ ነው፤ በ1842 በብሩስ ስም ተሰየመ። ዛሬ የለም። ኢትዮጵያም አውራሪስ ከጠፋባቸው አገሮች አንዷ ናት።

እንስሳው ቢጠፋም ቀንዱ በቤትዎ ሊኖር ይችላል፤ የአያት ጎራዴ ካለ እጀታውን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ድፍን ሆኖ፣ በጎኑ እንደ ጠጉር የተሰደሩ ቀጫጭን መስመሮች፣ በተቆረጠው ጫፉ ደግሞ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጠብጣቦች ከታዩበት የአውራሪስ ቀንድ ሊሆን ይችላል። ለመድኃኒት እገዛለሁ የሚል ቢመጣ አይስጡት፤ ከጥፍር የተለየ ፈውስ የለውም። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ በዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ለልጆችዎ ያቆዩት፤ ማቆየት ካልቻሉ ለሙዚየም ይስጡት።