ከአንገት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቁስሉ ሲድን የሚቀረው ፍርሃት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አንድ የታክሲ አሽከርካሪ እናስብ። የአንገቱን አከርካሪ በቀዶ ሕክምና ከታከመ አራት ወር ሆኖታል። ወደ ክንዱ እየወረደ እንቅልፍ ይነሳው የነበረው ሕመም ለቆታል። በራጅ የታየው አጥንት በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ሐኪሙም ወደ ሥራው መመለስ እንደሚችል ነግሮታል። ሰውዬው ግን ከአልጋው የሚነሳው ዛሬም ራሱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሲጠራው አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ያዞራል። መኪናው ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ለመመልከት አይደፍርምና።

ይህ ሰው በምናብ የተሳለ ቢሆንም፣ ያለበት ሁኔታ ለአከርካሪ ሐኪሞችና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። በሕክምናው ዓለም «ኪኒዚዮፎቢያ» ይሉታል፤ «እንቅስቃሴ» እና «ፍርሃት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ስያሜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ በሕመም ሕክምና ዘርፍ የተለመደው ይህ ቃል፣ «ብንቀሳቀስ እጎዳለሁ» ከሚል እምነት የሚመነጭን፣ ከመጠን ያለፈና አቅም የሚያሳጣ ፍርሃት ያመለክታል። ከተራ ጥንቃቄ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ጥንቃቄ ከአደጋው ጋር ይመጣል፣ ከአደጋው ጋርም ይሄዳል፤ ይህኛው ፍርሃት ግን አደጋው ካለፈም በኋላ ይቆያል።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

መነሻው ሞኝነት አይደለም። የአንገት አከርካሪ ሰባት አጥንቶች አሉት። በውስጣቸው የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚሄደውን መልእክት የሚያመላልስ ነው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ሲንሸራተት፣ ወይም ከዕድሜ ጋር ትርፍ አጥንት ሲበቅል ነርቭን ይጫናል፤ እጅ ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይከዳል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ሐኪሙ በአንገት ፊት በኩል ገብቶ የተጎዳውን ዲስክ ያወጣል፤ በቦታውም አጥንት ወይም ሰው ሠራሽ ማስገቢያ ያኖራል። ብዙውን ጊዜ ከላይና ከታች ያሉትን አጥንቶች በትንሽ የብረት ሳህንና በብሎኖች ያስራቸዋል፤ አጥንቶቹም በጊዜ ሂደት ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ የሰማ ታካሚ «አንገቴ ውስጥ ብሎን አለ፤ ቢላቀቅስ?» ብሎ ቢሰጋ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ከባድ ነገር አታንሣ፣ አንገትህን አትጠምዝዝ፣ መኪና አትንዳ» ይባላል። አንዳንድ ሐኪሞች የአንገት መደገፊያ እንዲታሰር ያዝዛሉ፤ ሌሎች ጨርሶ አያዝዙም። ክልከላው በወቅቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ክልከላው በግልጽ ተነግሮ ሳለ መነሣቱ ግን በግልጽ ሳይነገር ሲቀር ነው። ታካሚው በስድስተኛው ሳምንት የሚያበቃውን መመሪያ የዕድሜ ልክ ሕግ አድርጎ ይወስደዋል።

አብዛኞቹ ታካሚዎች የማይነገራቸው አንድ ሌላ እውነትም አለ። ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከማዞር ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው ከራስ ቅል ሥር ባሉት በሁለቱ የላይኛ አጥንቶች መካከል ነው። ቀዶ ሕክምናው በብዛት የሚደረገው ደግሞ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወይም በስድስተኛውና በሰባተኛው አጥንት መካከል ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተጋጠመለት ሰው አንገቱን የማዞር አቅሙ በአመዛኙ አብሮት አለ ማለት ነው። አንገቱ እንደ እንጨት የደረቀበት ታካሚ ጥፋቱን በብረቱ ላይ ቢያላክክም፣ ብዙ ጊዜ ያደረቀው ለወራት ያለ እንቅስቃሴ መቆየቱ ነው።

አዙሪቱ

ዮሃን ፍላየንና ስቲቨን ሊንተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ፍርሃት እንዴት ራሱን በራሱ እንደሚመግብ አብራርተዋል። ሰውየው ሕመም ሲሰማው የከፋውን ያስባል፤ ከማሰብ ፍርሃት፣ ከፍርሃት ደግሞ ከእንቅስቃሴ መሸሽ ይከተላል። ሲሸሽ ጡንቻው ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይጠነክራል፣ መንፈሱም ይጨልማል። ከዚያ በኋላ ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳን ያምመዋል፤ ይህም «ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» ያሰኘዋል። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው የአበው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። አምስት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ራስ ቀንና ሌሊት የሚሸከሙት የአንገት ጡንቻዎች ናቸው፤ ሥራ ሲፈቱ መልፈስፈሳቸው አይቀርም።

ሕመም ሁሉ ጉዳት አይደለም የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል ይከብዳል። የተሰበረ እግር ከጀሶ ሲወጣ የሚሰማውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ አጥንቱ ድኗል፣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግን ያምማሉ። ማንም ሰው ያንን ሕመም «እግሬ እንደገና ተሰበረ» ብሎ አይተረጉመውም። አንገት ላይ ሲሆን ግን ያው ዓይነት ሕመም በቀላሉ የአደጋ ምልክት ይመስላል።

ፍርሃቱን ለመመዘን ባለሙያዎች በፍሎሪዳዋ የታምፓ ከተማ ስም የሚጠራ መጠይቅ ይጠቀማሉ። 17 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ታካሚው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ17 እስከ 68 ይደርሳል፤ ከ37 በላይ ከሆነ ፍርሃቱ ከፍተኛ እንደሆነ ይቆጠራል። በዩናይትድ ስቴትስ የአንገት ወይም የወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ፍርሃት የበረታባቸው ታካሚዎች በስድስተኛው ወር የባሰ ሕመምና የአቅም ማነስ እንደሚታይባቸው አመልክቷል።

አስታማሚውና ጠያቂው

በእኛ ዘንድ ደግሞ ታመመ የተባለ ሰው ለብቻው አይተኛም፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን «አንተ አትነሣ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» የሚለው ፍቅር በሦስተኛው ቀንና በሦስተኛው ወር አንድ ዓይነት ውጤት የለውም። ቡናውን ይዞ የተቀመጠ ጠያቂ «እግዜር ይማርህ» ካለ በኋላ፣ አንገቱን ተቀድዶ አልጋ ላይ ስለቀረ አንድ ዘመድ ማውራት ሲጀምር፣ የታካሚው ትከሻ ወደ ጆሮው ሲወጣ ማየት ይቻላል። አስታማሚ ሊያግዝ ከፈለገ ዕቃውን በማቀበል ፈንታ አብሮ ወጥቶ በእግር መንሸራሸር ይችላል።

እንዴት ይመለሳሉ?

ሕክምናው «አትፍራ» ማለት አይደለም፤ ይህን መስማት ያዳነው ሰው ካለ ጥቂት ነው። ባለሙያው ታካሚው የሚፈራቸውን እንቅስቃሴዎች ከቀላሉ እስከ ከባዱ በቅደም ተከተል ያስመዘግበዋል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት «ምን ይደርስብኛል ብለህ ታስባለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከሙከራው በኋላም ምን እንደደረሰ አብረው ያያሉ። አሽከርካሪያችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት ወደ ጎን በማየት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በቆመ መኪና ውስጥ ሆኖ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ኋላም ሐኪሙ ሲፈቅድና ከሚያደነዝዙ የሕመም ማስታገሻዎች ሲላቀቅ፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ይነዳል። ፍርሃቱ የሚሸነፈው በማስረጃ ነው። የወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች ይህን መሰል ሥልጠና፣ አብዛኛውን በስልክ፣ የሰጠና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሕመምንና የአቅም ማነስን መቀነሱን አሳይቷል።

አጥንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጋጠም ወራት ሊወስድ ይችላል። የሚያጨስ ታካሚ ስለ አጥንቱ ከሰጋ፣ ከተፈቀደለት እንቅስቃሴ ይልቅ ሲጋራውን ቢፈራ ይሻለዋል፤ ማጨስ መጋጠሙን ያዘገያልና።

በፍርሃት የማይሳበቡ ምልክቶችም አሉ። የእጅ ወይም የእግር አዲስ ድካም፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ከታየ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በተለይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት አንገት አብጦ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ለደቂቃ እንኳን የሚዘገይበት ጉዳይ አይደለም።

ባዕድ አገር ለሚታከም ሰው የቋንቋ ነገርም ይጨመርበታል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል በትርጉም መሐል ስትጠፋ፣ የስድስት ሳምንት ክልከላ ዘላለማዊ ይሆናል። በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ ልጅን ወይም ጎረቤትን ይዞ መሄድ የግድ አይደለም። ከአስተርጓሚው ጋር ሲገቡ ሐኪሙን የሚጠይቁት ጥያቄ ሁለት ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ የትኛው እንቅስቃሴ ተፈቅዶልኛል? የቀረው ክልከላስ በየትኛው ቀን ያበቃል? መልሱን ከነቀኑ በወረቀት ያስጽፉ፤ ወረቀቱንም አስታማሚዎ በሚያየው ቦታ ይለጥፉት።