የመማሪያ መጽሐፍ ዋጋና የዕውቀት ባለቤትነት ጥያቄ

ዕውቀት የአንድ ግለሰብ ወይም የአንድ ትውልድ የብቻ ፍሬ አይደለም። ገበሬው መሬቱን ሲያርስ ያካበተው ልምድ፣ አንጥረኛው ብረቱን ሲያቀልጥ የደረሰበት ብልሃት፣ ሐኪሙ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያገኘው ትምህርትና ተመራማሪው በቤተ ሙከራ ያረጋገጠው ሐቅ ተደማምረው የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ሆነዋል። መጽሐፍ ደግሞ ይህ ሀብት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት መሣሪያ ነው። በመሆኑም የመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ የገበያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ማን ይማራል? ማንስ ከትምህርት ደጃፍ ይመለሳል? የሚለው መሠረታዊ ማኅበራዊ ጥያቄ በውስጡ ይገኛል።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሠራተኛ ቢኖር ተሳስቷል። ከደመወዙ ቆጥቦ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባው፣ ቀን በፋብሪካ ውሎ ማታ ለዲፕሎማው የሚማረው፣ በቀበሌው ቤተ መጻሕፍት የተቀደደ መጽሐፍ ተራ ጠብቆ የሚያነበው እርሱና ቤተሰቡ ናቸውና። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋጋ ከየት እንደሚመነጭ፣ ለማን እንደሚገባና እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

መራጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

የመማሪያ መጽሐፍ ንግድ ጠባዩን ገልጦ ያሳየው በዩናይትድ ስቴትስ ነው። የአገሪቱ ኮንግረስ የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ1986 እስከ 2004 መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት ዋጋ በ186 በመቶ ሲያሻቅብ፣ አጠቃላይ የሸቀጦች ዋጋ የጨመረው ግን በ72 በመቶ ብቻ ነበር። ያው መሥሪያ ቤት በ2013 ጉዳዩን ደግሞ ሲመረምር ከ2002 እስከ 2012 የመጻሕፍቱ ዋጋ በ82 በመቶ፣ አጠቃላይ ዋጋ ደግሞ በ28 በመቶ መጨመሩን አረጋግጧል።

ለመሆኑ የዚህ ጭማሪ ምክንያቱ ምንድነው? የወረቀት መወደድ ነውን? የአታሚው ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ በማለቱ ነውን? አይደለም። ዋናው ምክንያት በገበያው አወቃቀር ላይ ይገኛል። ሰው ጫማ ሲገዛ ራሱ መርጦ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከተወደደበት ወደ ሌላው ሱቅ ይሄዳል። የመማሪያ መጽሐፍን ግን የሚመርጠው መምህሩ፣ የሚከፍለው ተማሪው ነው። መራጩ ዋጋው አይሰማውም፤ ከፋዩ የመምረጥ መብት የለውም። አሳታሚው የሚያባብለው መምህሩን እንጂ ከፋዩን ተማሪ ስላልሆነ ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ ገበያው አይሸሸውም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሁለት ስልቶች ይሠራሉ። አንደኛው ተደጋጋሚ እትም ነው። የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መሠረታዊ ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ አይለወጥም። ሆኖም በ2005ቱ ሪፖርት እንደተመለከተው አሳታሚዎች በየሦስትና በየአራት ዓመቱ አዲስ እትም ያወጣሉ። የምዕራፎቹ ተራና የጥያቄዎቹ ቁጥር ሲቀያየር ያለፈው ዓመት ተማሪ ለዘንድሮው ሊሸጠው ይችል የነበረው ያገለገለ መጽሐፍ ዋጋ ያጣል። ሁለተኛው ስልት ማጣበቅ ነው። መጽሐፉ ለብቻው አይሸጥም፤ ተማሪው የማይፈልጋቸው ተጨማሪ ዕቃዎች ተጠቅልለውበት በአንድ ዋጋ ይቀርባል። በ2008 የወጣው የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ አሳታሚዎች ዋጋቸውን ለመምህራን እንዲገልጹና የተጣበቀውን ነጣጥለው እንዲሸጡ አስገድዷል። ሕጉም ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

የካፒታል አካሄድ ግን አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላውን መክፈት ነው። መጽሐፉ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የቤት ሥራውና ፈተናው ጭምር በአሳታሚው የኤሌክትሮኒክ መድረክ ውስጥ ገቡ። ተማሪው የሚገዛው የመግቢያ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚዘጋ፣ ለወንድም ወይም ለእህት የማይተላለፍ ነው። በወረቀት ዘመን ገዢው ቢያንስ የመጽሐፉ ባለቤት ነበር፤ በኮድ ዘመን ግን ተከራይ ሆነ።

ጫናው በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

አማካይ ቁጥር የመደብ ልዩነትን ይሸፍናል። በ2003 እና 2004 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ በመንግሥት የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች የመጻሕፍትና የቁሳቁስ ወጪ ከትምህርት ክፍያው 26 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የሠራተኛው ልጆች በብዛት በሚማሩባቸው የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች ግን 72 በመቶ ይደርስ ነበር። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ለባለጸጋው ልጅ የኪስ ገንዘብ፣ ለድሀው ልጅ የወር ቀለብ ነው ማለት ነው።

ውጤቱም ግልጽ ነው። በ2014 በወጣ፣ በተማሪዎች ላይ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከተጠየቁት መካከል 65 በመቶ የሚሆኑት በዋጋው ውድነት የተነሣ የታዘዘላቸውን መጽሐፍ ሳይገዙ መቅረታቸውን ገልጸዋል። ከእነዚህም 94 በመቶው መጽሐፉ አለመኖሩ ውጤታቸውን እንደሚጎዳው ሠግተዋል። ተማሪው ክፍል ተፈቅዶለት ከገባ በኋላ በመጽሐፉ ምክንያት ውጭ ቀረ።

የዴልሂው ፎቶ ኮፒ ቤት

በሕንድ ያለው ተማሪ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ እኛም በሚገባ የምናውቀው ነው፤ ፎቶ ኮፒ። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ መምህራን ከልዩ ልዩ መጻሕፍት የመረጧቸውን ምዕራፎች አባዝታና ጠርዛ በርካሽ ትሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ከቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ጋር ሆነው ሱቋንና ዩኒቨርሲቲውን በቅጂ መብት ጥሰት ከሰሱ። ሦስት ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች በአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ መነሣታቸው የኃይል ሚዛኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ተማሪዎችና መምህራን ማኅበር መሥርተው በክርክሩ ጣልቃ ገቡ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመስከረም 16 ቀን 2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ክሱን ውድቅ አደረገ። የውሳኔው ፍሬ ነገር የቅጂ መብት ከሰማይ የወረደ ወይም በተፈጥሮ የተገኘ መብት ሳይሆን ኅብረተሰቡ ዕውቀት እንዲስፋፋ ብሎ በሕግ የሰጠው መሆኑን፣ የሕንድም ሕግ ለማስተማር የሚደረግን ማባዛት የሚፈቅድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። በይግባኝ ጉዳዩ ሌላ ምርመራ እንዲደረግበት ቢታዘዝም፣ በ2017 አሳታሚዎቹ ራሳቸው ክሱን አንሥተው ወጡ።

ከዚህ ትግል ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ሕግ የቆመ ድንጋይ ሳይሆን ተቃራኒ ጥቅሞች የሚፋለሙበት ሜዳ መሆኑን። ሁለተኛ፣ ፎቶ ኮፒ ጊዜያዊ መሸሸጊያ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አለመሆኑን። ኮፒ አድራጊው ሁልጊዜ በተከሳሽነት ሥጋት ውስጥ ነው፤ መጽሐፉንም ሊያሻሽለው፣ ሊተረጉመው፣ ከአገሩ ሁኔታ ጋር ሊያስማማው አይችልም።

ክፍት መጻሕፍት ምንድናቸው?

ዘላቂው መንገድ ገና ከጅምሩ ለሁሉም ተፈቅደው የተጻፉ መጻሕፍትን ማዘጋጀት ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 የትምህርት ሰነዶቹን በኢንተርኔት ለማንኛውም ሰው በነፃ ለመልቀቅ መወሰኑን አስታወቀ፤ በ2007 ከ1800 የሚበልጡ ኮርሶች ተለቀው ነበር። በ2002 ዩኔስኮ በፓሪስ በጠራው ጉባኤ «ክፍት የትምህርት ግብዓቶች» የሚለው ስያሜ ተሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ደራሲዎች መብታቸውን ሳይጥሉ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚፈቅዱባቸውን የፈቃድ ዓይነቶች አወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ነፃ» እና «ክፍት» አንድ አለመሆናቸው ነው። በነፃ የሚነበብ ጽሑፍ ባለቤቱ ነገ ሊዘጋው ይችላል። ክፍት መጽሐፍ ግን አንባቢው ይዞ እንዲያስቀምጠው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለው፣ ከሌላ ጋር እንዲያዋሕደውና ለሌሎች እንዲያሰራጨው በጽሑፍ ተፈቅዶለታል። ግዴታም አለበት፤ የደራሲውን ስም ይጠቅሳል፣ እንደ ፈቃዱ ዓይነትም ለንግድ ላያውለው ወይም ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ መልሶ ሊለቅ ይገደዳል።

በዚህ መሠረት በቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በ2012 «ኦፕንስታክስ» በሚባለው ክፍሉ የፊዚክስና የሶሺዮሎጂ መጻሕፍትን በመልቀቅ ጀምሮ ለብዙ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች የሚሆኑ መጻሕፍትን አዘጋጅቷል። ጥራታቸውስ? በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ከ21 ሺህ በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ክፍት መጻሕፍት በሥራ ላይ በዋሉባቸው ኮርሶች የተማሪዎች ውጤት ሲሻሻል የሚወድቁትና የሚያቋርጡት ቁጥር ቀንሷል። መሻሻሉም የመንግሥት ድጎማ በሚያገኙት ድሀ ተማሪዎች ዘንድ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። በ2013 ደግሞ በቨርጂኒያ የሚገኘው ታይድዎተር የሕዝብ ኮሌጅ ተማሪው ለመጽሐፍ ምንም ሳይከፍል ዲግሪ የሚያገኝበትን ፕሮግራም ከፍቷል።

ያለ ላብ የሚገኝ መጽሐፍ የለም

ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ አይቶ ማሞካሸት ግን ስሕተት ይሆናል። መጽሐፍ የሥራ ውጤት ነው። የሚጽፈው፣ የሚያርመው፣ ሥዕሉን የሚሥለው ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ተማሪው ካልከፈለ ሌላ ሊከፍል ግድ ነው። በአሜሪካ የከፈሉት በአብዛኛው የባለጸጎች በጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው። ከትርፍ የተጠራቀመ ገንዘብ የትርፍን ጉዳት ለመጠገን መዋሉ የሥርዓቱን ውስጣዊ ቅራኔ ያሳያል። በቸርነት ላይ የተመሠረተ መፍትሔም ቸሩ ሐሳቡን በለወጠ ቀን የሚፈርስ ነው። ስለዚህ ወጪው በሕዝብ በጀት፣ ማለትም በጋራ ገንዘብ የጋራ ሀብት በመሥራት ሊሸፈን ይገባዋል። ዩኔስኮም በኅዳር 2019 ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ መንግሥታት ለክፍት የትምህርት ግብዓቶች ፖሊሲ እንዲያወጡና ዘላቂ የገንዘብ ምንጭ እንዲያፈላልጉ አሳስቧል።

ሁለተኛው ችግር የኢንተርኔቱ ነው። መጽሐፉ በነፃ ቢለቀቅም ኮምፒዩተር፣ መብራትና የዳታ ሒሳብ ለሌለው ተማሪ በሩቅ እንደሚታይ ማዕድ ነው። ሆኖም የክፍት ፈቃድ ትልቁ ጥቅም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ኮሌጅ መጽሐፉን አንድ ጊዜ አውርዶ በውስጥ መረቡ ላይ ማኖር፣ ወይም በወረቀትና በቀለም ዋጋ ብቻ ማተም ይችላል። ከሳሽ የለበትም።

የእኛስ ድርሻ?

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የሚማረው በአብዛኛው ከመምህሩ «ሃንድአውት»ና ከፎቶ ኮፒ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማሪያ የሚሆን ማባዛትን በተወሰነ መጠን ቢፈቅድም ይህ ለሙሉ መጽሐፍ መተኪያ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ከባዶ አንነሣም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 በካርተር ማዕከል ድጋፍ በተካሄደው የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ራሳቸው ከ200 በላይ የማስተማሪያ ጽሑፎችን ለአገሩ በሽታና ለአገሩ ጤና ጣቢያ በሚስማማ መንገድ አዘጋጅተው ለሁሉም በነፃ ለቀዋል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች በክፍት ፈቃድ የወጡ ናቸው። የእነዚህ ፍሬ ዝም ብሎ በወረቀት የቀረ አይደለም፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ የምትማርበት ነው።

ከዚህ ተሞክሮ የምንረዳው የውጭውን ክፍት መጽሐፍ አውርዶ መጠቀም ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በቴክሳስ የተጻፈው የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ስለ አሜሪካ የቤት ገበያ እንጂ ስለ ጤፍና ስለ ቡና ገበያ አያወራም። ፈቃዱ እንድናሻሽለው፣ እንድንተረጉመው፣ በራሳችን ምሳሌ እንድንሞላው ይጋብዛል። ይህን ሳንሠራ ከቀረን ከገዢነት ወደ ተመጽዋችነት ተሸጋገርን እንጂ ባለቤት አልሆንንም።

ስለዚህ ሥራው በየፈርጁ ይከፋፈላል። በሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው መምህር የሚያዘጋጀውን የማስተማሪያ ጽሑፍ በክፍት ፈቃድ ማውጣት፣ ዩኒቨርሲቲውም ይህን ድካሙን እንደ ምርምር ቆጥሮ በደረጃ ዕድገት ሊክሰው ይገባል። የቀበሌና የሠራተኛ ማኅበራት ክፍት መጻሕፍትን አሳትመው በአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ማኖር፣ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ጭነው ለማታ ተማሪዎች ማቅረብ ይችላሉ። ወላጁና ተማሪውም ኮሌጁ መጽሐፍ ሲያዝ «ክፍት የሆነ አቻ አለው ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ማዳበር አለበት። መራጩና ከፋዩ ተለያይተው የቆዩበት ገበያ የሚስተካከለው ከፋዩ ድምፁን ሲያሰማ ነውና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የመጽሐፍ ችግር በአንድ ተማሪ ኪስ አይፈታም። ዕውቀትን ብዙዎች በጋራ እንደሠሩት ሁሉ ብዙዎች በጋራ ሊጠብቁትና ሊያዳርሱት ይገባል። የሠራተኛው ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ከባለጸጋው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብቦ እንዲቀመጥ ማድረግ ልመና አይደለም፤ የጋራ ሀብትን ለባለቤቱ መመለስ ነው።